ያረፈ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ተራውን እየጠበቀ ነው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጽሑፍ ምክር ለመስጠት ብቻ አልጀመርኩትም። መጀመሪያ ጥፋቴን መናገር አለብኝ። ምክሩ የመጣው ከጥፋቱ በኋላ ነውና ቅደም ተከተሉን ልጠብቅ።

እንደምታውቁት ቅዳሜ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሜዳ እንወጣለን። ባለፈው ሴሚስተር ስፖርቱን እንዳስተባብር ጀመዓው አማና ሰጥቶኝ ነበር። የዲፓርትመንቶች የእግር ኳስ ውድድር ሲቃረብ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ወንድማችን መጣ። ከዚያ በፊት ስፖርት ሠርቶ የማያውቅ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ እኛ በወራት የለመድነውን ሁሉ ከእኛ እኩል ሠራ፦ ስኳት፣ ዝላይ፣ ከሜዳው ጀርባ ካለው ዳገት ላይ ወደ ታች ሩጫ። ቁጥሩን የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። ሲደክመው "ሃያ ብቻ ቀረህ" እያልኩ ያንን ሃያ ሦስት ጊዜ ጨመርኩበት።

እሑድ ከተደራራቢው አልጋ ላይኛው ክፍል መውረድ አቃተው። ደረጃ ሲወርድ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሽማግሌ ነበር። ሳቅን፤ እሱም አብሮን ሳቀ። ውድድሩ ስለደረሰ ሰኞ ጠዋት ተጨማሪ ልምምድ ጠራሁ። "ዛሬ ባርፍስ?" ሲለኝ የመለስኩለትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "ሕመሙ የሚወጣው በላዩ ላይ ሲሠራበት ነው፤ ያረፈ ሰው ሰነፍ ነው" አልኩት። መጣ። የቅዳሜውን ሁሉ ደገመው። የሰኞን ሱና ጾም ይዞ እንደነበርና በዚያ ሙቀት እስከ መግሪብ ውሃ እንዳልቀመሰ የሰማሁት በኋላ ነው።

ማክሰኞ ማታ የዶርም ጓደኞቹ ጠሩኝ። ጭኖቹ አብጠው ሱሪው አልወልቅ ብሏል፤ ሽንቱ የኮካ ኮላ መልክ ይዟል። ይዘነው ወደ ሕክምና ሮጥን፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላከ። ለቀናት ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኛ። አልሐምዱሊላህ፣ ኩላሊቱ ተርፎ ድኖ ወጣ። አንድ ሚድ ፈተና ግን አመለጠው።

ረቡዕ ልጠይቀው ስሄድ በመንገድ ላይ የይቅርታ ቃል እያዘጋጀሁ ነበር። እሱ ቀደመኝ። "አኺ፣ ነገ ሐሙስ ሜዳ መምጣት ስለማልችል አፉ በለኝ" አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ቃል ነው። ሆስፒታል የተኛ ልጅ ስላረፈ ይቅርታ የሚጠይቅበት ጀመዓ ካለን፣ የታመመው የልጁ ጡንቻ ብቻ አይደለም።

እኔ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ እንጂ ሐኪምም ዓሊምም አይደለሁም። ሆኖም ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሐኪም ጠይቄያለሁ፣ አንብቤያለሁ፣ ያደግኩበትንም አገር መለስ ብዬ አስቤያለሁ። ሕመም ሲሰማን ማረፍ ነው ወይስ መቀጠል የሚለውን ጥያቄ በጉራም በፍርሃትም ሳይሆን በእውቀት መመለስ እንደሚቻል ገብቶኛል።

የማግስት ሕመም

ያደግኩት ሜጋ ነው፤ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ። ከከተማችን ራቅ ብሎ ወደ ዱብሉቅ አቅጣጫ ኤል ሶድ አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥልቅ ጎድጓዳ ስፍራ ሲሆን ከግርጌው ጥቁር የጨው ሐይቅ ተኝቷል። ሰዎች ሐይቁ ውስጥ ገብተው ጨው ያወጣሉ፤ አህዮች ያንን ገደል የመሰለ መንገድ ይዘው ጨውን ወደ ላይ ያጓጉዛሉ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወርደን ነበር። ቁልቁለቱን እየዘለልንና እየተሽቀዳደምን ወረድን። ዳገቱን ግን ትንፋሽ እያጠረን፣ በየድንጋዩ እየተቀመጥን ወጣን። ያደከመን ዳገቱ ስለነበር በማግስቱ የሚያመንም እሱ የሠራበት ቦታ መስሎን ነበር። በማግስቱ ግን ዳገት መውጣት አላቃተንም፤ ያቃተን መውረድና መቀመጥ ነው። የጭናችን ፊት እንጨት ሆኖ ቀረ። መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለት ለሁላችንም ፈተና ነበር።

ምክንያቱ የገባኝ አሁን ነው። ዳገት ስንወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ሰውነታችንን ወደ ላይ ይገፋል። ቁልቁለት ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነታችን እንዳይወድቅ ፍሬን ይይዛል። ሞያሌ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነገሩን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ዳገት ላይ የሚፈተነው ሞተሩ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ። ጡንቻን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይህ እየተለጠጡ ፍሬን መያዝ ነው። ቁልቁለት ሩጫ፣ ስኳት ላይ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ከዝላይ በኋላ መሬት ላይ ማረፍ ሁሉም የዚሁ ዓይነት ናቸው። እኔ በዚያ ቅዳሜ ለዚያ ልጅ የመረጥኩለት ሥራ ደግሞ ከዚህ የወጣ አልነበረም።

በእንዲህ ዓይነት ሥራ በጡንቻው ጭረቶች ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ሰውነት ሊጠግናቸው ሲነሳ ቦታው በመጠኑ ያብጣል፣ የሕመም ነርቮችም ይነቃሉ። ለዚህ ነው ሕመሙ ወዲያው የማይመጣው። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያ እየቀለለ ሄዶ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። እኔ "የማግስት ሕመም" እለዋለሁ፤ ምንም እንኳ ብዙ ጊዜ ከማግስቱ ይልቅ በሁለተኛው ቀን የሚብስ ቢሆንም።

ሜዳ ላይ "ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብሃል፣ ሮጠህ አስወጣው" ሲባል ሰምታችኋል። እኔም ለሰው አስተምሬዋለሁ። ስህተት ነው። በከባድ ሥራ ጊዜ የሚጨምረው ላክቴት ሥራው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጸዳል። እሑድ ጠዋት የሚያመን ነገር ቅዳሜ ጠዋት የጸዳው አሲድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ "ሕመሙ የሚወጣው ሲሠራበት ነው" የሚለው የእኔ ፈትዋ መሠረት አልነበረውም። የሚወጣ ነገር የለም፤ የሚጠገን ነገር ነው ያለው።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት "ካላመመህ አልሠራህም" የሚለው ነው። ጨው የሚያወጡትና አህያ የሚነዱት የኤል ሶድ ሰዎች ያንን ቁልቁለት ዘወትር ይወርዱታል፤ በማግስቱም እንደ እኛ ደረጃ ላይ አይንከላወሱም። ከእኛ ያነሰ ስለሠሩ አይደለም። አንድ ጊዜ በልክ የተፈተነ ጡንቻ ለቀጣዮቹ ሳምንታት ከዚያው ዓይነት ሥራ በጣም ያነሰ ጉዳት ይደርስበታል። የሕመሙ መቀነስ የስንፍና ምልክት ሳይሆን የመላመድ ምልክት ነው። ግን ይህ መላመድ የሚገነባው በሥራው ሰዓት አይደለም፤ ከሥራው በኋላ ባለው ጊዜ ነው።

እኛ የሲቪል ተማሪዎች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባን ነበር። ሶሌታ ላይ የተሞላ አርማታ በ7ኛው ቀን ከታሰበለት ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይይዛል፤ መሐንዲሱ የሚቆጥረው ግን 28ኛውን ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት አርማታው ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። ሠራተኛው የሚያደርግለት ነገር ቢኖር ውሃ ማጠጣት ነው። በሦስተኛው ቀን የደገፈውን እንጨት ነቅሎ ጡብ የሚከምርበት ፎርማን "ታታሪ" አይባልም፤ ይከሰሳል። እኔ በሁለተኛው ቀን የሰው ልጅ ላይ ጡብ ከመርኩ፤ ውሃውንም ሳላጠጣ።

ማረፍ ወይስ መቀጠል?

እንግዲህ ሕመም ሲሰማን በዶርማችን ሆነን ራሳችንን የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው የት ነው የሚለው ነው። የማግስት ሕመም ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ወገን፣ በጡንቻው ሥጋ ላይ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ነው። በአንድ ጣት የምታሳዩት፣ በአንድ ወገን ብቻ ያለ፣ በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚት፣ በተረከዝ ጅማት ወይም በአጥንት ላይ ያረፈ ሕመም ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው መቼ ጀመረ የሚለው ነው። በማግስቱ ቀስ ብሎ የመጣ ከሆነ የተለመደው ነው። በሩጫ መሐል ድንገት እንደ ጩቤ የወጋ፣ ወይም "ቋ" የሚል ስሜት የነበረው ከሆነ ጉዳት ነው።

ሦስተኛው ስትንቀሳቀሱ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የማግስት ሕመም አሥር ደቂቃ ከተራመዳችሁ በኋላ ለጊዜውም ቢሆን ይላላል። በእንቅስቃሴ የሚብስ፣ የሚያስነክስ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም "አቁም" እያለ ነው።

አራተኛው ወዴት እየሄደ ነው የሚለው ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን መቀነስ አለበት። እየጨመረ ከሆነ አትጠብቁት።

መልሶቹ የተለመደውን ሕመም ካመለከቱና ሕመሙም ቀላል ከሆነ፣ አልጋ ላይ መዋል አያስፈልግም። ቀለል ያለ እርምጃ፣ ሶምሶማ ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል ማሠራት ይቻላል። እግሩ የታመመ ፑሽ አፕ ሊሠራ ይችላል። ሕመሙ መካከለኛ ሆኖ ደረጃ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ያንኑ ጡንቻ በከባድ ሥራ አትንኩት፤ ቢያንስ 48 ሰዓት ስጡት። በእነዚህ ቀናት ጡንቻው ማመሙ ብቻ አይደለም፤ ጉልበቱም በእርግጥ ይቀንሳል። የደከመ ጡንቻ የሚሸከመውን መገጣጠሚያውና ጅማቱ ይሸከማሉ። ኳስ ሜዳ ላይ ብዙ ጉልበት የሚጠመዘዘውም ሰው ደክሞት አረጋገጡ ሲበላሽ ነው።

መሳሳብ ደስ ቢልም ሕመሙን ብዙም እንደማይቀንሰው በጥናት ታይቷል። የሚጠቅመው እንቅልፍ፣ ውሃና በቂ ምግብ ነው። የካፌያችን ሽሮም ምስርም ጡንቻ ይጠግናሉ፤ ቁም ነገሩ ምግብ አለመዝለል ነው። ማስታገሻ ውጦ ሜዳ መውጣትን ግን ተጠንቀቁ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ይሸፍናሉ እንጂ ስንጥቁን አይደፍኑም፤ ውሃ በጠማው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲፈርስ በውስጡ ያለው ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይፈስሳል። ኩላሊት ያንን ሲያጣራ ይጎዳል፤ ሥራ እስከማቆምም ሊደርስ ይችላል። ሐኪሞች ራብዶማዮላይሲስ ይሉታል። ምልክቱ ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ከባድ ሕመም፣ እብጠት፣ የጉልበት መክዳትና እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ያልለመደ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ሲሠራ፣ በተለይም በሙቀትና በውሃ ጥም ነው። ይህን ያየ ሰው ሱብሂን አይጠብቅ፤ ጓደኛውን ቀስቅሶ በዚያው ሌሊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በዚያ ማክሰኞ ወንድማችንን ያተረፉት ከአላህ በታች "ነገ እናየዋለን" ያላሉት የዶርም ጓደኞቹ ናቸው።

አበበም ቆሟል

ይህን ሐሳብ ለአንዳንድ ወንድሞች ሳነሳ የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነው። "አበበ ቢቂላ ከኦፕራሲዮን አልጋ ተነስቶ አይደል ያሸነፈው?" ይሉኛል።

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ካደረገ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ሮጠ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶም ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ወሰደ። ታሪኩን ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን። ግን ግማሹን ብቻ ነው የምናወራው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ የግራ እግሩን ታሞ ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስም አቋርጦ ወጣ። ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው ዓለም እያየው ቆመ። ማሞ ወልዴ ቀጠለ፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ከሮምና ከቶኪዮ በኋላ ሦስተኛው ተከታታይ ወርቅ ለኢትዮጵያ ሆነ።

አበበ በመቆሙ ማንም ሰነፍ አላለውም። ቆሞም ወርቁ አልጠፋም፤ ወንድሙ ይዞት መጣ። እኛ ከቶኪዮው አበበ ጽናትን ስንማር ከሜክሲኮው አበበ ልክን አልተማርንም።

ደግሞም ነገሩን በሚዛኑ እንየው። ኃይሌ ገብረሥላሴም እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ የተረከዝ ጅማቱን እያመመው በ10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን በሰከንድ 9 መቶኛ ቀድሞ አሸንፏል፤ ከዚያ በኋላ ግን ኦፕራሲዮን ማድረግ ነበረበት። ያ የኦሊምፒክ ፍጻሜ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ። አሠልጣኝና ሐኪም አብረው የሚመክሩበት፣ ዋጋውም ታውቆ የሚከፈልበት ነው። የእኛ የሰኞ ጠዋት ልምምድ ነበር። በኦሊምፒክ ፍጻሜ ሕግ የሰኞ ጠዋትን የሚዳኝ ሰው ጀግና አይደለም፤ ሚዛን የጠፋው ነው። ሯጮቻችንም በአዘቦት ቀን እንዲህ አይኖሩም። ሰንዳፋም ሆነ ሱሉልታ ኮረኮንቹ ላይ ከባድ ሩጫ ከተሮጠ በማግስቱ የሚመጣው ቀስ ያለ ሶምሶማ ወይም እረፍት ነው።

ሰውነታችን ያለው ሐቅ

እኛ ግን ከሯጮቹም በፊት ሌላ አስተማሪ አለን። ታላቁ ሶሐቢይ አብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) በየቀኑ ይጾም፣ ሌሊቱን ሁሉ ይሰግድ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ሰውነቱ በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳለው፣ ዓይኑም ሐቅ እንዳለው ነግረው እንዲጾምም እንዲያፈጥርም፣ እንዲሰግድም እንዲተኛም አዘዙት። እርሱ ግን ጉልበት እንዳለው እየተናገረ ጨምሩልኝ አለ። ሲያረጅ ያንን ማቅለያ በተቀበልኩ ኖሮ እያለ ይመኝ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። እኔ ይህን ሐዲስ መድረሳ እያለሁ በልጅነቴ ነው የሰማሁት። ያኔ የሽማግሌ ታሪክ መስሎኝ ነበር። አሁን የሃያ ዓመት ልጅ ታሪክ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ጉልበት አለኝ ብሎ የሚከራከረው ወጣቱ ነውና።

ሌላም አለ። መስጂድ ውስጥ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ገመድ ተወጥሮ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዩ። ዘይነብ (ረ.ዐ) ቆማ ስትሰግድ ሲደክማት የምትይዘው እንደሆነ ተነገራቸው። ገመዱ እንዲፈታ አዘዙ፤ ሰው ንቃት እስካለው እንዲሰግድ፣ ሲደክመው ደግሞ እንዲቀመጥ አስተማሩ። ቡኻሪም ሙስሊምም የዘገቡት ነው። ልብ በሉ፣ ጉዳዩ ሶላት ነው! ሶላት ላይ ገመድ ካልተፈቀደ፣ ስኳት ላይ ገመድ የምወጥር እኔ ማን ነኝ? ለዚያ ልጅ "ያረፈ ሰነፍ ነው" ያልኩት ቃል ገመድ ነበር። ድካሙን አልቀነሰለትም፤ እንዳይቀመጥ ብቻ አሰረው።

ይህ ማለት ግን ስፖርት ይቅር ማለት አይደለም። ብርቱ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ ተወዳጅ እንደሆነ በሁለቱም ግን መልካም ነገር እንዳለ ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ እናነሳዋለን። የመጨረሻዋን ክፍል ግን ዘለን ነው የምናልፋት። ከሥራ ሁሉ የሚወደደው ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነም ተምረናል። በአንድ ቅዳሜ ሦስት መቶ ስኳት ሠርቶ ለሦስት ወር ከሚጠፋ ሰው ይልቅ በየሳምንቱ ሠላሳ የሚሠራው ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሌላኛውም ወገን ነው። ትንሽ ጭኑን ስላመመው ብቻ ሜዳውን እርግፍ አድርጎ የሚተው ወንድም፣ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው እንደሚቀል ሳያየው ይሄዳል። እሱም ሐቁን አልወጣም።

ወራና ፎራ

በእኛ አገር ቦረናዎች ከብታቸውን ለሁለት ይከፍላሉ። የሚታለቡት ላሞች፣ ጥጆችና ደካሞቹ መንደር አጠገብ ይውላሉ፤ ወራ ይባላሉ። ጠንካሮቹና የማይታለቡት ሩቅ ግጦሽ ይሄዳሉ፤ ፎራ ይባላሉ። ጥጃ ፎራ አይላክም። ወራ ስለሆነም አይናቅም፤ ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል። እኔ ጥጃውን ፎራ ላክሁት፤ በመጀመሪያው ቀን።

ዱብሉቅ አካባቢ ካሉት ጥልቅ ጉድጓዶችም የምንማረው አለ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃ ይቀባበላሉ። ከብቱ ሁሉ ተጠምቶ ይጮኻል፤ ግን አይጋፋም። አባ ሄረጋ የሚባል የተራ አባት አለ፤ ማን ዛሬ እንደሚያጠጣ፣ ማን እንደሚጠብቅ እሱ ይመራል። በደረቁ ወራት ከብት በየቀኑ አይጠጣም፤ ቀን ዘልሎ ነው የሚመጣው። ተራው ዛሬ ያልሆነ ሰው ሰነፍ አይባልም። ተራው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው፤ በቃ።

ስለዚህ ለጀመዓው ስፖርት ክፍል አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አዲስ የሚመጣ ሁሉ፣ ወንድምም ሆነ በራሳቸው ጊዜና ቦታ የሚሠሩት እህቶቻችን፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ወራ ይሁኑ። ነባሩ ከሚሠራው ከግማሽ በታች ይጀምሩ፤ ቁልቁለት ሩጫና ዝላይ በእነዚያ ቀናት አይኑር።

ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት ከባድ ሥራ በተከታታይ ቀናት አይደገም። ውድድር ቢደርስም "ተጨማሪ ልምምድ" በጣም ቀላል ይሁን።

ሦስተኛ፣ ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ወንድም ሳያፍር ይናገር። የሐሙሱን ልምምድ ለሚጾሙት ከመግሪብ በኋላ ወደሚደረግ ቀላል እርምጃ መቀየር እንችላለን። ረመዳን ሲመጣም ይኸው ነው።

አራተኛ፣ አባ ሄረጋ እንምረጥ። ሥራው ቁጥር መቁጠር አይሁን፤ ቁጥር የሚጨምር ሰው አላጣንም። ሥራው በእያንዳንዱ ልምምድ መጀመሪያ ላይ "ማን አመመው? የት?" ብሎ መጠየቅና "አንተ ዛሬ ተራህ አይደለም" ማለት ይሁን። ያለፈውን አስተባባሪ ግን አትምረጡ።

መድረሳ ሳለሁ ኡስታዛችን ሐሙስ ከሰዓትና ጁሙዓ ይለቁን ነበር። መንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ለሁለቱም የምንማር ልጆች አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈትብን ስለነበር እናማርር ነበር። አንድ ቀን ኡስታዛችንን ለምን ጁሙዓ እንደሚያሳርፉን ስጠይቃቸው፣ የተቀራውም ነገር የሚረጋበት ጊዜ ይፈልጋል አሉኝ። ያኔ የጠየቅሁት ተጨማሪ እረፍት ፈልጌ ነበር። ዛሬ ግን መልሳቸው ጡንቻም ላይ እንደሚሠራ አይቻለሁ።

ያ ወንድማችን ተመልሷል። ሐኪሙ ፈቅዶለት ባለፈው ቅዳሜ ሜዳ መጣ፤ ሜዳውን ሁለት ጊዜ በእርምጃ ዞሮ ተቀመጠ። እኛ ስንሮጥ የውሃ ጀሪካኑን ይዞ ያጠጣን ነበር። አንዱ ልማድ ሆኖበት "ምነው ተቀመጥክ?" አለው። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔም "ተራው አይደለም" አልኩ።

በዚያ ረቡዕ እሱ ስለቀደመኝ ያልተናገርኩትን ደግሞ ሁላችሁም ባላችሁበት እዚህ ልበለው፦ ወንድሜ፣ አፉ በለኝ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።